አዲሱ ፓወር ሰፕላይ ሲያስቸግር
(ለሠፈራችን ነዋሪዎች በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው የወርሃዊ መዋጮአችን መዝገብ ያለው በጽሕፈት ቤቱ ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። መብራት እየሄደ እየመጣ ባስቸገረበት ሰሞን የኮምፒዩተሩ ፓወር ሰፕላይ ተቃጠለና አዲስ ተገዝቶ ተገጠመ። ታዲያ ኮምፒዩተሩ ይነሣል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ጥቂት ቆይቶ ድርግም ይላል። ያየው ጠጋኝ «ፓወር ሰፕላዩማ አዲስ ነው፤ የሞተው ማዘርቦርዱ ነው፤ ሌላ ኮምፒዩተር ግዙ» አለን። ይህ ማለት እንግዲህ ለችግር ቀን ብለን ያጠራቀምነውን ገንዘብ መንካት ነው። በመሆኑም ገንዘቡን ከማውጣታችን በፊት ያደረግነውን ለእናንተ ማስረዳት አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል፤ እቤታችሁም ይኸው ሊገጥም ይችላልና።

በመጀመሪያ መዝገቡ ያለበትን ሃርድ ዲስክ ነቅለን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍንበት። ኮምፒዩተር በሥራ ላይ እንዳለ ደጋግሞ ሲጠፋ የተጻፈው ሊበላሽ ይችላል።

ቀጥሎ ገመዶቹን አየን። ማዘርቦርዱ ላይ ባለ 24 ቀዳዳው ትልቁ መሰኪያ ብቻ ሳይሆን ለፕሮሰሰሩ የሚሆን ባለ 4 ወይም ባለ 8 ቀዳዳ ሌላ መሰኪያ አለ። ይኸኛው ከተረሳ ፋን ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። የእኛ በደንብ ተሰክቷል።

ፓወር ሰፕላይ የግድግዳውን 220 ቮልት ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት የሚለውጥ ዕቃ ነው። በተለመደው አሠራር ቢጫው ገመድ 12፣ ቀዩ 5፣ ብርቱካናማው 3.3 ሲሆን ጥቁሩ መመለሻ ነው። ጠጋኞች ከማዘርቦርዱ ነቅለው አረንጓዴውንና ጥቁሩን በክሊፕ ያገናኙና ፋኑ ከዞረ «ደኅና ነው» ይላሉ። ይህ እኮ ጭነት የሌላትን አህያ ስትሮጥ አይቶ ስለ ጉልበቷ መመስከር ነው! ፋን የሚፈልገው ኃይል ኢምንት ነው። ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲጀምር ነው ፈተናው።

ስለሆነም መሰኪያው እንደተሰካ፣ ከጀርባው በቴስተር ለካን። የ12 ቮልቱ መስመር ያለ ጭነት 12.1 ነበረ፤ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ወደ 10.7 ወረደና ጠፋ። የሚፈቀደው ልዩነት ከመቶ 5 ነው፤ ይኸውም ከ11.4 በታች መውረድ፣ ከ12.6 በላይም መውጣት የለበትም። ይህም ሆኖ በአንድ ልኬት ብቻ አልፈረድንም። ከሠፈራችን ወጣቶች አንዱ ከራሱ ኮምፒዩተር ነቅሎ ያዋሰንን ፓወር ሰፕላይ በዚያው «ሞተ» በተባለው ማዘርቦርድ ላይ ገጠምን። ተነሣ፤ እስከ ማታም ሳይጠፋ ሠራ። ሃርድ ዲስኩን የመለስነው ከዚያ በኋላ ነው።

ሻጩ መጀመሪያ አሻፈረኝ ብሎ ነበር። እሱም በክሊፕ አገናኝቶ «ይኸው ይዞራል!» አለን። ኮምፒዩተሩን ይዘን ሄደን ፊቱ ስንለካለት ግን ደረሰኙን አይቶ ቀየረልን። የተቀየረው በሥራ ላይ እያለ 12.05 ያሳያል። አንድም ብር ከቁጠባው አልወጣም።

አንድ ነገር አደራ እንላለን። የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ማንም እንዳይከፍት። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያለው ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ሰው ይገድላል። ደግሞም ከጀርባው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ማብሪያ ያለው ከሆነ ከመሰካታችሁ በፊት 230 ላይ መሆኑን እዩ፤ በ115 እንዳለ ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል። ገመዱ ሁሉ ጥቁር የሆነም አለና በቀለም መለየት ካልቻላችሁ ለሚያውቅ ሰው ተዉት።

ቴስተሩ በጽሕፈት ቤቱ ይገኛል። መዋስ የምትፈልጉ በመዝገቡ ላይ እየፈረማችሁ መውሰድ ትችላላችሁ፤ በማግሥቱ ይመለስ።