እንሰቱን ሳትነቅሉ ቡናውን ትከሉ

(በዲላ ከተማ ለፎቶግራፍና ቪዲዮ ሥልጠና ተመራቂዎች የተደረገ የምረቃ ንግግር)

 

አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ አንድ ጥያቄ አብረው ሰጡኝ። «ከተመራቂዎቹ አብዛኞቹ እስከ ዛሬ በስልካቸውና በትውስት ካሜራ ለፍቅር ፎቶ ሲያነሱ የኖሩ ናቸው። አሁን እንጀራቸው ያድርጉት ወይስ ለትርፍ ጊዜያቸው ያቆዩት? ይህን ንገርልን» አሉኝ። ይህ ጥያቄ እኔንም ለዓመታት እንቅልፍ ነሥቶኛል። መልሱን ያገኘሁት ግን ወናጎ ባለው የአባቴ ጓሮ ነው።

የጌዴኦን ጓሮ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከላይ ዋንዛውና ብርብራው ጥላ ይዘረጋል። ከሥሩ እንሰት ይቆማል። በእንሰቱ መካከል ቡና ይበቅላል። ይህ የአባቶቻችን አተካከል እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ሪያድ ላይ በተካሄደው ጉባኤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ተብሎ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ዓለም ያደነቀው ሦስቱ ተደጋግፈው መኖራቸውን ነው። እንሰቱ ቤቱን ይመግባል፤ ዝናብ ቢዘገይ እንኳ ቆሞ ይጠብቃል። ቡናው በዓመት አንዴ ገንዘብ ያመጣል። ዛፉ ደግሞ ሁለቱን ከፀሐይ ይጋርዳል፤ ቅጠሉ ረግፎ አፈራቸውን ያለመልማል። አባቴ የቡና ዋጋ እጅግ በወጣበት ዓመት እንኳ እንሰቱን ነቅሎ ቦታውን ቡና አልሞላውም። ልጅ ሆኜ ይህን ሞኝነት አድርጌ ቆጥሬው ነበር። ዋጋው በወረደ ጊዜ ግን ማዕዳችን ላይ የእንሰቱ ቆጮ አልጠፋም፤ ያኔ ገባኝ።

ልጆቼ፣ ለጥያቄያችሁ ያለኝ መልስ ይህ ጓሮ ነው። ለገንዘብ የምታነሱት ፎቶ ቡናችሁ ነው። ወር በገባ ቁጥር ቤታችሁን የሚደግፈው ሌላው ሥራ፣ ማስተማሩም ይሁን ሱቁ ወይም እርሻው፣ እንሰታችሁ ነው። ማንም ሳይከፍላችሁ፣ ማንም ሳያዛችሁ፣ ለዓይናችሁና ለልባችሁ ብቻ የምታነሱት ፎቶ ደግሞ ጥላ ዛፋችሁ ነው። ሦስቱም ይኑሯችሁ። ሙያ አድርጉት ወይ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ አዎ፣ አድርጉት እላለሁ፤ እንሰቱን ነቅላችሁ ግን አይሁን፤ ዛፉንም ቆርጣችሁ አይሁን።

ገንዘብ የተቀበላችሁባት ቀን ምን እንደሚለወጥ ልንገራችሁ። ለፍቅር ስታነሱ ያመለጣችሁ ፎቶ የእናንተው ነው። ቀብድ ከተቀበላችሁ በኋላ የሚያመልጣችሁ ግን የሰው ነው። ሥራውን በጀመርኩበት ዓመት አንድ ሠርግ ለመቅረጽ ተዋዋልኩ። የያዝኩት ሚሞሪ ካርድ አንድ ብቻ ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ስሰካው ባዶ ሆኖ ተገኘ። የሠርጉ ሥነ ሥርዓት በሙሉ ጠፋ። ገንዘቡን ይዤ ሄድኩና ይቅርታ ጠየቅሁ። ቤተሰቡ ብሩን ተቀበለ። የሙሽራዋ እናት ግን ስለ ብሩ አንድም ቃል አልተናገረችም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነበር፤ «እናቴ ልጄን ስትመርቃት ያነሣኸው የለም?» አለችኝ። አልነበረም። ብር ይመለሳል፤ የአያት ምርቃት አይመለስም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ካርድ፣ ትርፍ ባትሪና የተዋስኩትም ቢሆን ሁለተኛ ካሜራ ሳልይዝ ከቤቴ አልወጣም። በዚያው ሌሊት ወደ ሃርድ ዲስክ ሳልገለብጥም አልተኛም። ስለዚህ ራሳችሁን «ፎቶ እወዳለሁ ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ እንደምትወዱት እዚህ መቀመጣችሁ ይመሰክራል። «የሰውን አደራ መሸከም እችላለሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሙያና የትርፍ ጊዜ መለያው ይህ ነው።

በአማርኛችን ቡናም ይታጠባል፤ ፎቶም ይታጠባል። የካሜራ ፊልም ከብዙ ሰው እጅ ከወጣ በኋላ እንኳ ሰዉ ዛሬም «ፎቶዬን አሳጠብኩ» ይላል። የይርጋጨፌ ቡና ሲታጠብ ምን እንደሚደረግ አስቡ። ቀዩ እሸት ብቻ ተለይቶ ይለቀማል፤ ይፈለፈላል፤ በውኃ ይታጠባል፤ አልጋ ላይ ይሰጣል፤ ከዚያ በእጅ እየተለቀመ ጉድለት ያለበት ፍሬ ይወጣል። ከዛፍ የወረደው ሁሉ ወደ ውጭ አይላክም። ከአንድ ሠርግ ሁለት ሺህ ፎቶ ይዛችሁ ብትመለሱ ሁለት ሺሁንም ለደንበኛ አትስጡ። ያልበሰለውን አውጡ። ለቅሞ ማስረከብ የሙያችሁ ግማሽ ነው፤ ስማችሁን የሚሠራላችሁም ያስቀራችሁት ጭምር ነው።

ስለ ዋጋም ላውራ፤ ብዙ ልጅ የወደቀው እዚህ ላይ ነውና። አንድ ሠርግ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። የመጓጓዣው፣ በኤዲት ያለፉት ሌሊቶች፣ የአልበሙ ማሳተሚያ፣ የካሜራው እርጅና፣ የንግድ ፈቃዱና የግብሩ ወጪ ሁሉ እዚያው ውስጥ ነው። እነዚህን ደምሩና ዋጋችሁን ቁረጡ። ዘመድና ጓደኛ ሲመጣ በግማሽ ዋጋ አትሥሩ። ከወደዳችሁ ሙሉውን በስጦታ አበርክቱ፤ ካልሆነም ሙሉውን ተቀበሉ። በግማሽ ዋጋ የተሠራ ሥራ ሰጪውንም ተቀባዩንም ያስቀይማል። ከእንግዳም ይሁን ከወዳጅ ጋር ውል ጻፉ፤ ስንት ፎቶ፣ በስንት ቀን፣ ቀብዱ ስንት፣ ቀሪው መቼ የሚለው በወረቀት ይስፈር። ጉርድ ፎቶንም አትናቁ። የብዙ ፎቶ ቤት ኪራይ የሚከፈለው በጉርድ ፎቶ ነው።

«እንሰቱን መቼ እቀንሳለሁ? ሌላውን ሥራዬን መቼ እተዋለሁ?» ትሉኝ ይሆናል። በቡና ወራት አትወስኑ። የቡናው ገንዘብ ሲገባ ሠርጉ ይበዛል፤ ያኔ ሁሉም ፎቶ አንሺ ሀብታም ይመስለዋል። በክረምት ፈትሹት። ሁለት ክረምት ተከታትሎ ሥራው የራሱን ወጪ ችሎ ለቤታችሁም ከተረፈ፣ ያን ጊዜ ወስኑ። ካልቻለም አታፍሩ። ጠዋት እያስተማረ ቅዳሜ ሠርግ የሚያነሣ ሰው ጎደሎ ፎቶ አንሺ አይደለም።

በሀገራችን ፎቶን ሙያቸው ያደረጉ አሉ። ሚካኤል ፀጋዬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረው ሥዕል ነበር፤ የዘይት ቀለም ለጤናው አልስማማ ሲለው ወደ ካሜራ ዞረና ሙያው አደረገው። ግርማ በርታ በራሱ ጥረት የተማረ ልጅ ነው። በእጅ ስልኩ የአዲስ አበባን ጎዳና ተጓዦች እያነሣ በደማቅ ቀለም ላይ ያቀርባቸው ነበር፤ በዚያው ሥራው እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን የገንዘብ ድጋፍ አሸነፈ። አይዳ ሙሉነህ በአሜሪካ ተምራ በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ከሠራች በኋላ ወደ አገሯ ተመልሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን መሠረተች፤ ከብዙ አገር የመጡ ፎቶ አንሺዎችን ሥራ አዲስ አበባ ላይ አሰባሰበች። ሦስቱ በየራሳቸው መንገድ ነው የሄዱት። የሚያመሳስላቸው ግን አንድ ነገር አለ፤ ሰው ያወቃቸው በገዛ ዓይናቸው ባዩት ነው። ጥላ ዛፉን አትቁረጡ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። በሳምንት ግማሽ ቀን እንኳ ለማንም ላልተሸጠ ፎቶ አስቀሩ። ወደ ቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮች ውጡ፤ ገበያ ላይ ቆጮ የምትሸጠውን እናት አስፈቅዳችሁ አንሡ፤ ከሶንጎ ሸንጎ ተመልሰው የሚያርፉትን አዛውንት ፊት ተመልከቱ። የዛሬ አሥር ዓመት የምትታወቁት በዚያ ሊሆን ይችላል።

የሰው ሐዘን የሚታይበት ፎቶም አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰው አለቀ። ኢትዮጵያዊው ሙሉጌታ አየነ በዚያ ስፍራ የቤተሰብን ሐዘን ያሳየባቸው ፎቶዎች እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለም ፕሬስ ፎቶ ሽልማትን አስገኝተውለታል። እኛም የራሳችንን ሐዘን አይተናል። በ2010 ዓ.ም. በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ከቀያቸው ተፈናቅለው በጌዴብ፣ በይርጋጨፌና በሌሎችም ቦታዎች ተጠልለው ነበር። የሰው ሐዘን ፊት ካሜራ ይዛችሁ ስትቆሙ መጀመሪያ ሰላምታ ስጡ። ፈቃድ ጠይቁ። አይሆንም ካሉ ካሜራውን አውርዱ። እናታችሁ በዚያ ሁኔታ ብትታይ የማትወዱትን ፎቶ በሌላ ሰው እናት ላይ አታንሡ።

በመጨረሻ ስለ ስማችሁ። ይርጋጨፌ የሚለው የአካባቢያችን ስም ለብዙ ጊዜ በባሕር ማዶ የቡና ማሸጊያ ላይ ያሻው ሰው ሲጽፈው ኖሯል። ቡናው ከእኛ ይወጣል፤ የስሙ ጥቅም ግን ሌላ ጋ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አሜሪካ ውስጥ አመለከተች፤ ከብዙ ክርክር በኋላም በ2007 ከቡና ሻጩ ስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ገበሬው፣ አገር ስሙን እስኪያስከብርለት፣ ያንን ሁሉ ዓመት ጠበቀ። እናንተ ግን ከመጀመሪያው ፎቷችሁ ጀምሩ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ይጠብቃል። ነገር ግን ፎቶው በስብስብ ውስጥ የተካተተ፣ በመጽሐፍ የታተመ ወይም የአንሺውን ምልክት ወይም ስምና አድራሻ የያዘ እንዲሆን ይጠይቃል። ስለዚህ ስማችሁን በፎቷችሁ ላይ አኑሩ። ለቡና ላኪም ይሁን ለሆቴል ስታነሱ፣ ፎቶው የት የት እንደሚውልና መብቱ የማን እንደሆነ በውላችሁ ጻፉ። ስም የሌለው ፎቶ ባለቤት እንደሌለው ከብት የማንም ሲሳይ ይሆናል።

ለወላጆች አንድ ልመና አለኝ። ልጃችሁ ካሜራ ይዞ ሲወጣ «ሥራ ፈት» አትበሉት። እነዚህ ልጆች የተማሩት የእናንተን ሠርግ፣ የእናንተን ቡና፣ የእናንተን ፊት ለልጅ ልጅ የማቆየት ሥራ ነው። የሚያነሡትን በነፃ አትጠይቋቸው፤ ቡናችሁን በነፃ እንደማትሰጡ ሁሉ።

ተመራቂዎች፣ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ካሜራችሁን እንደያዛችሁ ቤታችሁ ግቡ። በቤታችሁ ያለችውን አሮጊት ወይም ሽማግሌ በር ላይ፣ በጥሩ ብርሃን አስቀምጡና አንሡ። ለዚህ ፎቶ ማንም አይከፍላችሁም። አሳጥባችሁ ግን ስጧቸው፤ ከጀርባው ላይ ስማችሁንና ቀኑን ጻፉ። የሙያችሁ የመጀመሪያ ሥራ እርሱ ይሁን።