ስለሚጥል በሽታ ምግብና ስለሐኪሙ ዝምታ
(በተማሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ሞጣን ከበጌምድር ጋራ የሚያገናኘው የዓባይ ድልድይ በጣሊያን ጦርነት ጊዜ መካከሉ ተቆርጦ ሰባራ ድልድይ ተባለ። ከዚያ ወዲያ መንገደኛው ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። የሚጥል በሽታ ሕክምናም እንዲሁ ነው፤ መድኃኒቱ አለ፥ ሕመምተኛውም አለ፥ መካከሉ ግን ተቆርጧል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ስለ ቡታጅራ አካባቢ በ1990 ባሳተሙት ጥናት (ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እንናገራለን) ከ1000 ሰው 5 ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለበት፥ ከነዚህም በታወቀ መድኃኒት የሚታከመው ከመቶ 2 እንደማይሞላ አስረድተዋል።

ከመድኃኒት ሌላ በምግብ የሚደረግ ሕክምና አለ፤ ስሙም ኬቶጄኒክ ይባላል። ጾም ጥሉን እንደሚያስታግሥ ከጥንት ታውቆ ነበር። በ1921 ዶክተር ዋይልደር የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም፥ እህል ቀንሶ ስብ ያበዛ ሰው እየበላም ሰውነቱ እንደ ጾመኛ ስብ እያቃጠለ እንደሚኖር አስተውለው ይህን ምግብ ለበሽታው አቀረቡ። በጥብቁ ሥርዓት ለ4 ግራም ስብ የሚፈቀደው ሌላ ምግብ 1 ግራም ብቻ ነው። በ1938 ፌኒቶይን ሲገኝ ክኒን ስለሚቀል ምግቡ ተረሳ። ነገር ግን በ2008 በእንግሊዝ አገር የታተመ ጥናት፥ መድኃኒት እምቢ ካላቸው ልጆች ምግቡን ከያዙት ከመቶ 38ቱ ጥሉ ከግማሽ በላይ እንደቀነሰላቸው፥ ካልያዙት ግን ለ6ቱ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ ምግቡ የተተወው አድካሚ ስለሆነ እንጂ ስላልረዳ አይደለም።

ሐኪሙ ለማዘዝ የሚያመነታው ያለ ምክንያት አይደለም። ሚዛንና የምግብ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ የኩላሊት ጠጠር ሊያመጣ፥ እድገትንም ሊያዘገይ ይችላል፤ አንዳንድ የተፈጥሮ ሕመም ላለበት ልጅ ጭራሹን አደገኛ ነው። የቢቸና እናትስ ጤፍ ባለበት ቤት እንጀራን እንዴት ትከልክል? ቤተ ሰቡ ሲጾም ለአንዱ ልጅ ቅቤና እንቁላል እንዴት ታሰናዳ?

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን «ገበሬ ይህን አይችልም» ብሎ ሳይጠይቁ መፍረድ ጥንቃቄ አይባልም። እናቲቱ ትጠየቅ፤ ካስፈለገም የንስሐ አባቷ ይማከሩ።

የእኛ አሳብ ይህ ነው። አስቀድሞ ከ1912 ጀምሮ የሚታወቀውና ዋጋው የማይከብደው ፌኖባርቢታል በቢቸናና በሞጣ ላለው ሕመምተኛ ሳይቋረጥ ይድረስ፤ በድንገት ቢቋረጥ ብርቱ ጥል ያመጣልና። ሁለት መድኃኒት በደንብ ተሞክሮ ላልረዳው ልጅ ግን ሐኪሙ ስለ ምግቡ ይንገር፥ ሊከታተሉት ወደሚችሉበትም ይላክ። ወላጅ ብቻውን አይሞክረው።

ከእኛም መካከል ነገ ሐኪም የሚሆኑ አሉ። ያን ጊዜ የምናውቀውን ከሕመምተኛው እንዳንደብቅ ከዛሬ ጀምሮ እንሰብበት።