ባጃጅ፣ ሚኒባስ ወይስ ኤሌክትሪክ? ታክሲ ከመግዛታችን በፊት

(በሐዋሳ መናኸሪያ ለባጃጅና ለሚኒባስ ታክሲ ባለንብረቶችና ሾፌሮች የተደረገ ንግግር)



ሥራ አስፈትቼ አላቆያችሁም። አንዳንዶቻችሁ ተራ ይዛችሁ ነው የምትሰሙኝ። የጠራችሁኝ "ምን ዓይነት መኪና ብንገዛ ይሻላል?" ብላችሁ ነው። የጋራዥ ሰው ስለሆንኩ የመኪና ስም የምጠራላችሁ መስሏችሁ ይሆናል። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው፤ ማንን፣ ከየት ወዴት ልትጭኑ ነው?

ይህን መናኸሪያ ተመልከቱ። ከሻሸመኔ ወይም ከይርጋለም የመጣ ሰው ሻንጣውን ተሸክሞ ይወርዳል። የሚፈልገው በሩ ድረስ የሚያደርሰውን ነው። ጠባብ ቅያስ ውስጥ ገብቶ፣ እዚያው ዞሮ የሚወጣ ከባጃጅ ሌላ ማን አለ? ድሮ ይህን ሥራ የሚሠራው ጋሪ ነበር። ከተማችን ሜዳ ስለሆነች ፈረሱም አልከበደውም፣ የባጃጇም ትንሽ ሞተር አትጨነቅም። የደሴን ዳገት የሚያውቅ ልዩነቱ ይገባዋል።

ዋናው አስፋልት ላይ ስንወጣ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ባጃጅ የተሠራችው ለሦስት ተሳፋሪ ነው። (ከሾፌሩ ጎን የሚለጠፈውን አራተኛውን እናንተም ትራፊኩም ታውቁታላችሁ፤ እኔ አልናገርም።) አሥራ ሁለት ሰው ለማንሳት አራት ባጃጅ ሊሰለፍ ነው ማለት ነው። አንዷ 2 ሜትር ከ60 ገደማ ትረዝማለች። አራቱ ሲከታተሉ፣ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ሳንቆጥር፣ ከ10 ሜትር በላይ መንገድ ይይዛሉ። ያንን ያህል ሰው የሚጭነው የለመድነው ቶዮታ ሚኒባስ 4 ሜትር ከ70 ቢሆን ነው። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ፈረቃ ሲለውጥ ሠራተኛው ግልብጥ ብሎ ነው የሚወጣው። ይህን ሕዝብ ሦስት ሦስት እያደረጉ ማንሳት ባሕርን በማንኪያ መቅዳት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? የሚለው ነው። አዲስ አበባ ላይ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ለአሥርተ ዓመታት ታክሲ ሆና የኖረችው ምቾቷ ተወድዶ ነው እንዴ? አይደለም! ዕቃዋ ሶማሌ ተራ ይገኛል፤ የሰፈር መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታታታል። ኋላ ዕድሜዋ ሲገፋ ደግሞ ባለቤቷ ከተሳፋሪ የሰበሰበውን ጋራዥ እያራገፈ ይገባ ጀመር። እኛ ጋራዦች አልተከፋንም፤ እሱ ግን ልጆች ያሳድግበታል።

አሁን ሁሉም አፍ ላይ ወዳለው ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ልምጣ። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ አደረገው። ጥር 2016 ላይ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ነዳጅ በዶላር ለሚገዛ አገር ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ቤንዚን ጠፍቶ በሃይላንድ ለገዛ ባጃጅ ነጂም ቢሆን ያጓጓል። የሕዳሴው ግድብም ጳጉሜን 2017 ተመርቋል። ግን ወገኖቼ፣ መብራቱ እናንተ መኪና የምታሳድሩበት ግቢ ድረስ ሌሊቱን ሳይቋረጥ ያድራል? ካልተሞላ ጠዋት ምን ሊነዳ ነው?

ባትሪውንም አትርሱ፤ የመኪናው ውድ ዕቃ እሱ ነው። ሻጩ "ዋስትና አለው" ሲላችሁ ለታክሲ ሥራ ይጸናል ወይስ ለቤት መኪና ብቻ? ስንት ኪሎ ሜትርስ? በጽሑፍ አምጣ በሉት። ታክሲ ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ስለሚውል ዓመቱ ሳይሞላ ኪሎ ሜትሩ ያልቃል።

ይህን ሁሉ አስልታችሁ የገዛችሁትን መኪና ደግሞ አንዲት ደብዳቤ ከመንገድ ልታስወጣው ትችላለች። አዲስ አበባ የካቲት 2015 ላይ ባጃጆች በድንገት ሥራ እንዲያቆሙ ተደረገ። ባጃጇ ቆመች፤ የተበደረው ሰው ዕዳ ግን መች ቆመ? የመንገድ መጨናነቅም ሆነ ጸጥታ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ አልክድም። ታዲያ ከመወሰኑ በፊት ባለንብረቱን መጥራት ምን ይጎዳል? በቪ ኤይት መስታወት ውስጥ ሆኖ ለሚያይ ባለሥልጣን ባጃጅ መንገድ የሚዘጋ ነገር ብቻ ናት፤ ለእናንተ ግን እንጀራ ናት። ስለዚህ የትኛው መስመር ለባጃጅ፣ የትኛው ለሚኒባስ እንደሚመደብና ለስንት ዓመት እንደሚጸና በጽሑፍ ይሰጠን በሉ። ሲወሰንም እናንተ በተቀመጣችሁበት ይሁን።

የእኔን ምክር ከፈለጋችሁ፣ በውስጥ ለውስጥ የምትሠሩ ባጃጃችሁን አትሽጡ። በዋናው መንገድ የምትሠሩ ሦስት አራት ሆናችሁ ዕቁባችሁን ለአንድ ሚኒባስ አድርጉት። ኤሌክትሪኩን ማኅበራችሁ አንድ ገዝቶ፣ ብድሩን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሳይጥል፣ ክረምትና በጋ ይሞክረው። ደብተር ያዙ፤ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ፣ መብራት ስንት ሌሊት ጠፋ፣ ስንት ቀን ዕቃ ሲጠብቅ ቆመ፤ ሁሉም ይጻፍ። የቀራችሁት ደብተሩን አይታችሁ ትገዛላችሁ።

በሉ፣ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። ተራው የደረሰው ይሂድ፤ ተሳፋሪው ፀሐይ ላይ ቆሟል።