ወጀብን ስለ መከታተልና ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የሳይንስ ክበብ አባሎች ያሰሙት ንግግር)



በክረምት ከወልቂጤም ሆነ ከቡታጅራ ሰማዩን አትኵሮ ለሚመለከት ሰው ብዙ የሚታይ ነገር አለ። በወልቂጤ በኩል ሞቃት አየር ከጊቤ ሸለቆ ይነሣል፤ በቡታጅራም ከስምጥ ሸለቆ የሚመጣው አየር የዘቢዳርን ተራራ ይዞ ሽቅብ ይወጣል። አየሩ ከፍ ባለ ቍጥር ስለሚቀዘቅዝ እንፋሎቱ ደመና ይሆናል። በደመናው ውስጥ የበረዶ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው ሲጋጩ ኤሌክትሪክ ይከማቻል፤ ይኸውም በድንገት ሲለቀቅ መብረቅ ይባላል። ነጎድጓድ ደግሞ እስከ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ የጋለው አየር ባንድ ጊዜ ሲስፋፋ የሚያሰማው ድምፅ ነው።

በሰባት ቤት ጉራጌ የጥንት አባቶች የነጎድጓድን ኀይል ቦዠ ብለው፣ ንብረት ጠባቂና ሌባን ቀጪ ነው በማለት ይፈሩት ነበር። እኛ ምክንያቱን በትምህርት ብናውቀውም መጠንቀቁን ግን ከነሱ መውረስ ይገባናል።

በውጭ አገር ወጀብን እየተከተሉ ፎቶግራፍ የሚያነሡ ሰዎች አሉ። ዊልያም ጄኒንግስ የተባለ አሜሪካዊ ከቀደሙት የመብረቅ ፎቶግራፎች አንዱን በ1874 ዓ.ም. በፊላደልፊያ አንሥቷል። ሠዓሊዎች እንደ መጋዝ ጥርስ አድርገው ይሥሉት የነበረው መብረቅ እንደ ዛፍ ሥር ቅርንጫፍ ያለው መሆኑ በፎቶግራፍ ታየ።

ነገር ግን ሥራው አደገኛ ነው። ቲም ሳማራስ በጥንቃቄው የታወቀ የወጀብ ተመራማሪ ነበር። ሆኖም ግንቦት 23 ቀን 2005 ዓ.ም. በኦክላሆማ፣ በኤል ሪኖ አጠገብ፣ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ዐውሎ ነፋስ በድንገት አቅጣጫውን ለውጦ እሱን፣ ልጁን ፖልንና ባልደረባቸውን ካርል ያንግን ገደላቸው። እንዲህ ያለ ዐዋቂ ያላመለጠውን እኛ እናመልጣለን ማለት ከንቱ ድፍረት ነው።

ስለዚህ ወጀብን በዓይን እንጂ በእግር አናሳድድ። መብረቁን ካየን በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰኮንድ እንቍጠር፤ ድምፅ 1 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ቍጥሩ ከ30 በታች ከሆነ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነውና ወደ ውስጥ እንግባ፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ አንውጣ። ደኅና መጠጊያ የኤሌክትሪክና የውሃ መሥመር የገባለት ትልቅ ሕንፃ፣ ወይም ጣራው ብረት የሆነ ዝግ መኪና ነው። ከዛፍ ሥር መጠለል፣ በገላጣው ጀፎረ ላይ ከብት ይዞ መቆምም ሞትን መጥራት ነው።

ፎቶግራፉን ማታ ከተዘጋ መስኮት ውስጥ ሆነን እናንሣ። ካሜራውን በማይነቃነቅ ነገር ላይ አስቀምጠን ዓይኑን ከ10 እስከ 30 ሰኮንድ ከፍተን ብንተወው መብረቁ ራሱን ይሥላል። በእጅ ስልክ የሚያነሣም ተንቀሳቃሽ ሥዕል ቀድቶ ኋላ ከውስጡ መምረጥ ይችላል። በረዶ ከወረደ፣ ወጀቡ ካለፈ በኋላ ከማስመሪያ አጠገብ አድርገን እናንሣው፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውንም እንጻፍ። ይህ መዝገብ ከዓመት ወደ ዓመት ቢጠራቀም፣ የማረቆን በርበሬ የሚያረግፍ በረዶ በየትኛው ወር እንደሚበረታ ለገበሬው ሊያስረዳ ይችላል።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ሰማዩ በጠቈረ ጊዜ ከብት እንዲሰበስብ ልጅ ወደ ሜዳ አትላኩ፤ ከብት ይተካል፣ ልጅ ግን አይተካም። ጓደኞቻችን ሆይ፤ ዛሬ ሥዕሉ ቢያመልጠን ክረምት በየዓመቱ ይመጣል፤ ከመሞት መሰንበት ይሻላልና።