የሆስፒታል አሳንሰር ለፍተሻ ሲዘጋጅ



የዘውዲቱ መታሰቢያና የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታሎች በሚገኙበት ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በካዛንቺስ፣ የቀድሞዎቹ ዝቅተኛ ቤቶች ለረጃጅም ሕንፃዎች ቦታ እየለቀቁ ነው። ሕክምና ወደ ላይኛው ፎቅ በወጣ ቁጥር የታካሚው ሕይወት በአሳንሰር ገመድ ላይ የሚንጠለጠልበት ጊዜ ይበዛል። ስለሆነም ዛሬ የምናገረው የሆስፒታል አሳንሰር ለደኅንነትና ለዕውቅና ፍተሻ እንዴት ሊዘጋጅ እንደሚገባ ነው።

የፍተሻው ቀን ሲቃረብ ወለሉን መወልወል፣ አምፖሉን መቀየርና የምስክር ወረቀቱን መለጠፍ ይቀናናል። የፍተሻው ዋና ጥያቄ ግን ብልሽት ቢደርስ ምን ይከሰታል የሚል ነው። ኤሊሻ ኦቲስ እ.ኤ.አ. በ1854 በኒውዮርክ የቆመበትን መድረክ ገመድ በሕዝብ ፊት አስቆርጦ፣ የደኅንነት ማቆሚያው ሲይዘው ያሳየው ይህንኑ ጥያቄ ለመመለስ ነበር።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ሙከራዎች አስቀድመው እንዲደረጉ እመክራለሁ። አንደኛው የፍሬን ሙከራ ነው። በአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 81-20 መሠረት፣ የመጫን አቅሙን 125 በመቶ የጫነ አሳንሰር በመደበኛ ፍጥነቱ ሲወርድ ፍሬኑ ብቻውን ሊያቆመው ይገባል። ሁለተኛው የአቋቋም ልኬት ነው። ይኸው ደረጃ አሳንሰሩ ሲቆም ከፎቁ ወለል ጋር የሚኖረው ልዩነት ከ10 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ያዝዛል። በእግሩ የሚገባ ሰው ጥቂቷን ከፍታ ላያስተውላት ይችላል፤ ገና ተሰፍቶ በአልጋ ለሚገፋ ታካሚ ግን ሕመም ናት።

ሦስተኛው የመብራት መቋረጥ ሙከራ ነው። በታካሚ ፈንታ ተመጣጣኝ ክብደት በአልጋው ላይ ጭናችሁ፣ አሳንሰሩ በመንገድ ላይ ሳለ ዋናውን መብራት አጥፉ። ጀነሬተሩ በስንት ሰከንድ ተነሣ? አሳንሰሩ ወደ ፎቅ ደርሶ በሩን ከፈተ? የአደጋ ደወሉን በሌሊት የሚሰማ ሰው አለ? ሚዛን ጠባቂው ክብደት የአሳንሰሩን ክፍልና የሙሉ ጭነቱን ግማሽ ያህል ስለሚመዝን፣ ጥቂት ሰው የያዘ አሳንሰር ፍሬኑ ሲለቀቅ ወደ ላይ ይሄዳል። ይህን የማያውቅ ሰው ለማዳን ሲሞክር ሊገድል ይችላል። በየፈረቃው የሠለጠነ ሰው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

በመጨረሻም መዝገቡን አደራ እላለሁ። ለዓመታት አንድም ብልሽት ያልሰፈረበት መዝገብ አስተዋይ መርማሪን ያጠራጥረዋል እንጂ አያሳምነውም። ብልሽቱን፣ ቀኑንና የጠገነውን ሰው ጻፉ። ባለሙያው አሳንሰሩ ይቁም ሲል የሚሰማ አስተዳደር፣ አሳንሰሩ በቆመበት ሰዓትም ምጥ የያዛት እናት በየት በኩል ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል እንደምትደርስ አስቀድሞ የተጻፈ ዕቅድ ሊኖር ይገባል።