ከጠርሙስ ክዳን እስከ መረብ

እሷ፦ አውሮፓ ያላችሁ አድማጮቻችን፣ የውሃ ጠርሙስ ከፍታችሁ ክዳኑ አልላቀቅ ሲላችሁ ሳይገርማችሁ አልቀረም። ሕግ ነው! የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ከጁላይ 2024 ጀምሮ እስከ 3 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ የመጠጥ ጠርሙስ ክዳኑ እንደተያያዘ መቆየት አለበት።

እሱ፦ ብዙ ሰው ተበሳጭቶበታል። ግን የተጣለ ክዳን ባሕር ላይ ይንሳፈፋል፤ ወፎች ምግብ መስሏቸው ይውጡታል።

እሷ፦ አንዴ ተጠቅመን የምንጥላቸው የፕላስቲክ ማንኪያና ሹካማ ከ2021 ጀምሮ ገበያ ላይ እንዳይውሉ ታግደዋል።

እሱ፦ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የዓሣ ማጥመጃ መረቡ ነው። በኅብረቱ ግምት፣ በባሕር ዳርቻዎቹ ከሚገኘው ቆሻሻ በቁጥር 27 በመቶው ከዓሣ ማጥመድ ጋር የተያያዘ ነው። መረብ ከጠፋ በኋላም ማጥመዱን አይተውም፤ ዔሊ ሳይቀር ይተበተብበታል፣ እዚያው ይሞታል።

እሷ፦ መመሪያው እኮ እሱንም ነክቶታል። ያረጀውን መረብ የማሰባሰቢያ ወጪ አምራቹ እንዲሸፍን ያዛል።

እሱ፦ ትክክለኛው መንገድ ይኸው ነው። ወጪውን ዓሣ አጥማጁ ላይ ብትጭኚው ባሕር ላይ ጥሎት ይመጣል። በዚያው በ2019 የወጣው የኅብረቱ የወደብ መመሪያም፣ መርከቦች ቆሻሻ ስላወረዱ ብቻ በአብዛኛው ተጨማሪ እንዳይከፍሉ የደነገገው ለዚህ ነው።