ስለ ባላቻውንግ፤ የበርማ ሰዎች ማባያ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የተነገረ)



ዛሬ በፊታችሁ የምንናገረው ስለ አንድ ማባያ ነው። ነገሩ ለበዓል ቀን የሚያንስ መስሎ የሚታየው ቢኖር ጥቂት ይታገሠን፤ የአንድ ሕዝብ ብልኀት ከሚታወቅባቸው ስፍራዎች አንዱ ማድ ቤቱ ነውና።

እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ በይፋ ሚያንማር የምትባለው በርማ ረጅም የባሕር ዳርቻ አላት። ኢራዋዲ የተባለው ታላቅ ወንዝ ወደ ባሕሩ ሲቀርብ በብዙ ቅርንጫፍ ተከፋፍሎ ሰፊ የሩዝ መሬት ያጠጣል። እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1971 የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ኡ ታንት የተወለዱት በዚሁ ምድር፥ በፓንታናው ከተማ ነው። የሕዝቡ ዋና ምግብ ሩዝ ነው፤ ሩዝ ግን ብቻውን አይጥምም። ባላቻውንግ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት በስሱ ተከትፎ በዘይት፥ በለዘብተኛ እሳት ይጠበሳል፤ ወርቅ ሲመስል ይወጣል፤ ጥቂት ቢዘገይ ይመራል። በዚያው ዘይት እርድና በርበሬ፥ ቀጥሎም ሽሪምፕ የሚባለው ትንሽ የባሕር ፍጥረት ደርቆ በሙቀጫ ተወቅጦ ይገባበታል። ከዚያ ንጋፒ በአቼቶ ወይም በሮቃ ፍሬ ውሃ ተበጥብጦ ይጨመራል። ንጋፒ ማለት በቋንቋቸው የተጫነ ዓሣ ነው፤ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ በጨው ተብላልቶ የሚሠራ ነው። ሁሉም ውሃው ጠፍቶ እስኪንኮሻኮሽ ድረስ ይማሰላል። በመጨረሻ የተጠበሰው ሽንኩርት ይመለስበትና፥ ፈጽሞ ሲበርድ በጠርሙስ ይከደናል። በትኩሱ የከደነ ሰው እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ያለሰልስበታል።

የንጋፒ ሽታ ለእንግዳ ይከብዳል። ነገር ግን በውስጡ ዕውቀት አለ። ጨው ከዓሣው ውሃውን ስቦ የሚያበሰብሱትን ተሐዋስያን ይከለክላል፤ ፀሐይና የፈላ ዘይትም ይህንኑ ሥራ ያግዛሉ። ስለዚህ ባላቻውንግ ብዙ ሳምንት ይቆያል። ዓሣ ባልተያዘበት ወይም ገንዘብ ባጠረበት ዕለት አንድ ማንኪያው ትኩስ ሩዝን ምሳ ያደርገዋል።

በርበሬም የጥንት ቤቱ በርማ አይደለም፤ ኢትዮጵያም አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1492 በኋላ ከአሜሪካ ወጥቶ በመርከበኞችና በነጋዴዎች እጅ ወደ ሁለቱም ዘልቋል። እንግዲህ የእኛ ድልህና የእነርሱ ባላቻውንግ በአንድ ተክል ይዛመዳሉ።

ዳሩ ግን ይህ ማባያ ያለ ባሕሩና ያለ ዓሣ አጥማጁ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2008 ናርጊስ የተባለው ዐውሎ ነፋስ የኢራዋዲን ቆላ መትቶ ከ130 ሺህ በላይ ሰዎች ሞቱ ወይም ጠፉ። ፍሪድቾፍ ናንሰን በሚል ስም የሚጠሩት የኖርዌይ የምርምር መርከቦችም እ.ኤ.አ. በ1979-80 እና በ2013 ባሕሩን መርምረው፥ ዓሣው በመካከሉ እጅግ መቀነሱን አስታውቀዋል። ባሕሩ ሲራቆት የሚጎዳው ከሁሉ በፊት የድኻው ገበታ ነው።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ በቅርቡ ከዚህ ግቢ ወጥተን በየፊናችን እንሄዳለን። የተማረ ሰው የሌላውን ሕዝብ ምግብ በሽታው አይንቅም፤ የገዛ እናቱንም ሙያ እንደ ተራ ነገር አይጥልም። ድልሁን፥ ሽሮውን፥ ቋንጣውን እንዴት እንደሚያሰናዱት እንጠይቃቸው፤ የነገሩንንም በደብተራችን እንጻፍ። ያልተጻፈ ሙያ ከባለሙያዋ ጋራ ይቀበራልና።